ከወኪል ውጭ የገቡ የኢንተርኔት ካሜራዎችና የአምራቹ የደህንነት ማሻሻያ ግዴታ

በሸካ ዞን፣ በጌጫ ከተማ አንድ ቡና ነጋዴ በመጋዘኑ በር ላይ ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘ ካሜራ ቢሰቅል፣ ዕቃው ከመርካቶ ተነሥቶ በብዙ ቸርቻሪዎች እጅ አልፎ የደረሰው ሊሆን ይችላል። ቀረጥ ተከፍሎበት ከሆነ ኮንትሮባንድ አይደለም። አምራቹ በወከለው አስመጪ በኩል ካልገባ ግን የጎንዮሽ ገበያ ዕቃ ነው። በካሜራው ሶፍትዌር ላይ የደህንነት ቀዳዳ ሲገኝ ማሻሻያውን የማቅረብ ግዴታ የማን ነው?

በመስከረም 2014 ዓ.ም. በሂክቪዥን ካሜራዎች ላይ ይፋ የሆነው ጉድለት የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ሳያስፈልግ መሣሪያውን በሙሉ ለመቆጣጠር የሚያስችል ነበር፤ በክብደት መለኪያውም ከ10 ነጥብ 9.8 ተሰጥቶታል። አምራቹ ማሻሻያ አውጥቷል። ይሁን እንጂ ለቻይና ገበያ ተሠርተው ሶፍትዌራቸው በሦስተኛ ወገን ወደ እንግሊዝኛ የተለወጠ ካሜራዎች አሉ፤ ዋናው ማሻሻያ ሲጫንባቸው ወደ ቻይንኛ ሊመለሱ ወይም ጨርሶ መሥራት ሊያቆሙ ይችላሉ። ባለቤቱ ሳይነካቸው መተዉን ይመርጣል፤ ቀዳዳውም ክፍት ይቀራል።

ጉዳቱ በባለቤቱ ላይ ብቻ አይቆምም። ሚራይ የተባለው ጎጂ ሶፍትዌር ከፋብሪካ የወጡበት የይለፍ ቃል ያልተለወጠባቸውን ካሜራዎችና መቅረጫዎች አሰልፎ ጥቅምት 11 ቀን 2009 ዓ.ም. ዳይን በተባለው ኩባንያ ላይ ሲዘምት፣ ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሰሉ አገልግሎቶች ተስተጓጉለዋል። ካሜራው ግን ለባለቤቱ እንደወትሮው ምስል ያሳያል። ገዢ ጉዳቱን ካላየ ደግሞ ገበያው በራሱ አያርመውም።

አምራቾች ከወኪል ውጭ ለተሸጠ ዕቃ አገልግሎት አንሰጥም ሲሉ ይደመጣል። ለጥገና ዋስትና ከሆነ ክርክሩ ያስኬዳል፤ ዋስትናው የተገባው ለተወሰነ ገበያ ነውና። የደህንነት ቀዳዳው ግን የተፈጠረው በፋብሪካው እንጂ በመንገድ ላይ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2085 ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብን ሰው ዕቃው በተለመደው አኳኋን ሲሠራበት በሌላው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ከተጎጂው ጋር ውል መኖሩን አይጠይቅም። በተለመደ ምርመራ ሊታወቅ የሚችል ጉድለት ቢሆን አምራቹ ነፃ ይወጣል፤ የሶፍትዌር ቀዳዳን ግን የትኛው ቡና ነጋዴ መርምሮ ያገኘዋል? ድንጋጌው የሚደርሰው ከጉዳት በኋላ ለካሣ እንጂ አስቀድሞ ለማሻሻያ አለመሆኑ ጉድለቱ ነው። በሌላ በኩል የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ የሚሰበስበውን አካል ስለ ጥበቃው ኃላፊ ያደርገዋል፤ በመጋዘኑ ሠራተኞቹን የሚቀርጽ ነጋዴ ቁልፉ በአምራቹ እጅ ላለ መዝጊያ ተጠያቂ ይሆናል ማለት ነው።

እንግሊዝ ከሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ አምራቾች ማሻሻያ የሚሰጡበትን አነስተኛ ጊዜ እንዲያሳውቁ ታስገድዳለች፤ በአስመጪና በአከፋፋይ ላይም የራሳቸውን ግዴታ ጥላለች። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ዋና ግዴታዎች ከታኅሣሥ 2020 ዓ.ም. ጀምሮ ይጸናሉ፤ የድጋፉ ጊዜም በመርሕ ደረጃ ከአምስት ዓመት አያንስም። ለኢትዮጵያ ይበልጥ የሚጠቅመው የአስመጪው ግዴታ ይመስላል፤ በአገር ውስጥ ወኪል የሌለውን አምራች ከሶ ፍርድ ማስፈጸም እጅግ አዳጋች ሲሆን አስመጪው ግን የንግድ ፈቃድ አለው። ሶፍትዌሩ ላልተነካ ካሜራ ማሻሻያውን ማቅረብ የአምራቹ ድርሻ ይሆናል፤ ለተለወጠው ግን ለዋጩና አውቆ ያስገባው ነጋዴ ቢጠየቁ ይገባል።