ዶማ ከመነሣቱ በፊት ልቡና ይሰብሰብ

ሰዎች በኅብረት መንገድ ሲጠርጉ ወይም ጕድጓድ ሲቈፍሩ ማየት በብዙ አገር የተለመደ ነው። በአገራችንም ደቦ፣ ጅጌና ወንፈል የሚባሉት የመረዳጃ ልማዶች ከጥንት ጀምሮ የታወቁ ናቸው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» የሚለው ምሳሌ የሚያስተምረን ይህንኑ ነው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ሎሚውን የሚሸከሙት ሃምሳ ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚናናቁ ቢሆኑስ ሥራው እንዴት ይቃናል?

በዚህ ጥያቄ ላይ ብዙ ከደከሙት ማኅበሮች አንዱ በስሪ ላንካ ደሴት የተቋቋመው ሳርቮዳያ ሽራማዳና ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

በ1958 ደሴቲቱ ገና ሲሎን በምትባልበት ጊዜ፣ በኮሎምቦ ከተማ በናላንዳ ኮሌጅ ያስተምሩ የነበሩት ወጣቱ መምህር ኤ. ቲ. አርያራትኔ ተማሪዎቻቸውን አስከትለው ካናቶሉዋ ወደምትባል መንደር ሄዱ። የመንደሩ ነዋሪዎች ሮዲያ ይባሉ ነበር፤ በትውልዳቸው ምክንያት ሌላው ሕዝብ እንደ ርኩስ የሚቈጥራቸው ሰዎች ነበሩ። የከተማው ተማሪዎች ግን አብረዋቸው ሠሩ፤ አብረዋቸውም በሉ። ለማኅበሩ መሠረት የሆነው የተሠራው ሥራ ብቻ ሳይሆን ይህ በአንድ ማዕድ መቀመጥ ነው።

ሽራማዳና ማለት የጉልበት ስጦታ ማለት ነው። ሳርቮዳያ የሚለውን ስም ማኅተመ ጋንዲ የሁሉም መሻሻል በሚል ሐሳብ ሲጠቀሙበት፣ አርያራትኔ የሁሉም መንቃት ብለው ተረጐሙት። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ለሌላ ሰው መንገድ መሥራት ይቻላል፤ ስለ ሌላ ሰው ሆኖ መንቃት ግን አይቻልም።

ስለዚህ በሥራው ቀን፣ ዶማና አካፋ ከመነሣቱ በፊት፣ የቤተ ሰብ ጉባኤ ይደረጋል። መነኵሴው፣ ገበሬው፣ እናቲቱ፣ ሕፃኑና ከከተማ የመጣው እንግዳ በአንድነት ይቀመጣሉ። በመጀመሪያ ለጥቂት ደቂቃዎች ዝም ይላሉ። እስትንፋሳቸውን እያዳመጡ ልቡናቸውን ይሰበስባሉ፤ ከዚያም ለራሳቸው፣ ለጎረቤታቸውና ለሚጣላቸው ሰው ጭምር መልካም ይመኛሉ። ይህ ጽሞና ከቡድሃ ትምህርት የመጣ ነው፤ ይሁን እንጂ ሂንዱው፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በተገኙበት ስፍራ እያንዳንዱ በየሃይማኖቱ ይጸልያል። ቀጥሎ ምክክሩ ይከተላል፤ ምን ይጐድለናል? ማን ምን ያዋጣል? ዘፈኑና ጭፈራውም አይቀርም። ተሰብሳቢዎቹ የሚጠራሩት በማዕርግ ሳይሆን እናቴ፣ አባቴ፣ ወንድሜ፣ እኅቴ በመባባል ነው።

የዚህ ዝምታ ጥቅሙ ምንድን ነው? በስብሰባ ላይ ቀድሞ የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ የባለ ሥልጣኑና የባለ ሀብቱ ድምፅ ነው። ሁሉም ዝም ባሉ ጊዜ ግን ታላቅና ታናሽ አይታወቅም። ቍጣ ይዞ የመጣ ሰው ቍጣውን ይመለከተዋል፤ ካየውም በኋላ ከመናገሩ በፊት ቃሉን ይመዝናል። ዓይን አፋሪቱ ሴት ከዚህ ዝምታ በኋላ አፏን ብትከፍት የሚያቋርጣት ሰው ያንሳል።

ከዚያም ትምህርቱ በየቡድኑ ይቀጥላል። ሕፃናት፣ ወጣቶች፣ እናቶችና ገበሬዎች ለየራሳቸው ማኅበር ያቋቁማሉ። የመንደሩ ማኅበር በሕግ ይመዘገባል፤ ገንዘብ ይቈጥባል፤ ለአባሎቹም ያበድራል። በመጨረሻው ደረጃ ራሱን የቻለ መንደር የተረፈውን ለሌላ መንደር ያካፍላል። ማኅበሩ ለሰው ልጅ ያስፈልጋሉ ብሎ የዘረዘራቸው ነገሮች ዐሥር ናቸው፤ ከነዚህም ውስጥ ንጹሕ አካባቢ፣ ውሃ፣ ምግብ፣ ልብስና ትምህርት ሲገኙ የመንፈስና የባህል ሕይወትም አብሮ ተቈጥሯል። «መንገዱን እንሠራለን፤ መንገዱም እኛን ይሠራናል» የሚለው የማኅበሩ መፈክር ይህን ሁሉ ባጭሩ ይገልጸዋል።

ሆኖም ጽሞና ሁሉን የሚፈታ መድኃኒት ነው ማለት ስሕተት ይሆናል። በ1983 በደሴቲቱ በሲንሃሎችና በታሚሎች መካከል ከባድ ጦርነት ተነሣ። አርያራትኔና ተከታዮቻቸው ስለ ሰላም ተጓዙ፤ በመጋቢት 2002 ደግሞ በጥንታዊቷ አኑራዳፑራ ከተማ በመቶ ሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ በዝምታ ተቀምጦ ለሰላም ልቡናውን ሰበሰበ። ነገር ግን ጦርነቱ በ2009 ያበቃው በመሣሪያ ኃይል ነው። ቢሆንም የተለማመዱት ነገር ከንቱ አልቀረም። በታኅሣሥ 2004 የባሕሩ ማዕበል የደሴቲቱን ዳርቻ ባጠፋ ጊዜ፣ አስቀድመው አብሮ መቀመጥንና አብሮ መሥራትን የለመዱት የማኅበሩ ሰዎች ለተጐዱት ፈጥነው ደረሱ። መሥራቹ አርያራትኔ በ2024 በ92 ዓመታቸው ዐርፈዋል።

ለሕዝብ አገልጋይ ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። በወረቀት የተጻፈ ዕቅድ ይዞ ወደ ገጠር የሚወርድ ሹም ንግግሩን እንደ ጨረሰ ከሕዝቡ «እሺ» የሚል ቃል ይሰማል። አማርኛ የሚማር ሰው ይህ ቃል ሁለት ዓይነት መሆኑን ይወቅ። አንዱ «ተስማምቻለሁ» ማለት ነው፤ ሌላው ደግሞ «ሰምቻለሁ፤ አሁን ግን አሰናብተን» ማለት ነው። በሁለተኛው «እሺ» የተጀመረ ጕድጓድ ሹሙ ከሄደ በኋላ የሚጠግነው አይገኝም። እንግዲህ ሹሙ ዕቅዱን ከማንበቡ በፊት ከሕዝቡ ጋር ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ጥቂት ዝም ይበል፤ ከዚያም በመጀመሪያ እንዲናገር የሚጋብዘው እስከዚያ ቀን ድምፁ ያልተሰማውን ሰው ይሁን።