የጣና ዓሣና የአጥማጁ ምርጫ

ከእንጦጦ ራጉኤል ወጥቶ ቍልቍል ወደ አዲስ አበባ ለሚመለከት ሰው አስቀድሞ የሚታየው የባሕር ዛፉ ደን ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣው ይህ ዛፍ ለባለቤቱ አንድ ታላቅ ምቾት አለው፤ ይቈጠራል። ባለ ዛፉ ስንቱ ለአጣና እንደ ደረሰ በዓይኑ አይቶ ይቈርጣል፤ ጉቶውም መልሶ ያቈጠቍጣል።

ተማሪዎቼን ይዤ ወደዚያ በወጣሁ ጊዜ ይህንኑ ስነግራቸው አንዱ ልጅ፥ «የሐይቅ ዓሣስ? ውኃ ውስጥ ያለውን ማን ቈጥሮት ነው ይህን ያህል አጥምዱ የሚባለው?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ብዙ ሊቃውንት የደከሙበት ነው፤ በአገራችንም የጣና ነገር ምስክር ይሆነናል።

ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ቆሮሶና አምባዛ ይገኙበታል፤ ከሁሉ የሚያስደንቁት ግን ነጭ ዓሣ የሚባሉት ናቸው። ዓይነታቸው ከ15 አያንስም፤ አብዛኞቹም ከጣና በቀር በዓለም ሌላ ስፍራ አይገኙም። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ዕንቍላላቸውን ለመጣል ወደ ጉማራ፥ ወደ ርብ፥ ወደ መገጭና ወደ መሳሰሉት ወንዞች ይወጣሉ፤ ከመውጣታቸውም በፊት በወንዙ አፍ ይሰበሰባሉ። አጥማጅ በአንድ መረብ ብዙ የሚያወጣው ያን ጊዜ ነው፤ የሚያወጣው ግን የከርሞውን ዘር ጭምር ነው።

ከጥንት ጀምሮ አጥማጁ በደንገል ታንኳ በሐይቁ ዳር ዳር ይሠራ ነበር። በ1986 እ.ኤ.አ. የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ከገቡ ወዲህ ገበያው ሰፋ፤ ብዙ ሰውም እንጀራ አገኘበት። ነገር ግን ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ውስጥ የነጭ ዓሣው ብዛት ከአራት እጅ ሦስቱን ያህል እንደ ቀነሰ ተመራማሪዎች መረብ እየጣሉ ለክተው ጽፈዋል።

ታዲያ በክረምት የወንዞቹ አፍ ይዘጋ ወይስ ክፍት ይሁን? አጥማጁ፥ «ልጆቼ ክረምቱን ምን ይብሉ?» ይላል፤ እውነት አለው። የዓሣ ሊቁ፥ «ዘሩ ይጠፋል» ይላል፤ እርሱም እውነት አለው። ሦስተኛው ሰው ተነሥቶ፥ «በእርግጥ እስኪታወቅ እንቈይ» ይላል። መቈየትም ራሱ አንድ ምርጫ መሆኑን ግን ይረሳል።

በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የዳበረው የውሳኔ ትንተና የሚባለው ትምህርት ለዚህ ዓይነቱ ክርክር ይረዳል። የሃርቫርዱ መምህር ሃዋርድ ራይፋ በ1968 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ መጽሐፍ አሳትመዋል። ዘዴው እንዲህ ነው፦ ምርጫዎቹን ጻፍ፤ ያላወቅኸውን ነገር ጻፍ፤ እያንዳንዱ ምርጫ በእያንዳንዱ ሁኔታ ምን እንደሚያስገኝ ገምት፤ ከዚያ በኋላ አመዛዝን።

ለተማሪዎቼ በጥቍር ሰሌዳ ላይ የጻፍሁት ምሳሌ ይህ ነበር፤ ቍጥሮቹ ለማስተማሪያ የተመረጡ ናቸው። የወንዙ አፍ ክፍት ሆኖ ዘሩ ብርቱ ከሆነ፥ በአሥር ዓመት 100 እጅ ዓሣ ይገኛል እንበል፤ ዘሩ የተዳከመ ከሆነ ግን 20 ብቻ። ቢዘጋ፥ ዘሩ ብርቱ ከሆነ 85 ይገኛል፤ የተዳከመም ቢሆን እያገገመ 70 ይሰጣል። ዘሩ የመዳከሙ ዕድል ከአሥር አንድ ብቻ ከሆነ፥ ክፍት መተው በአማካይ 92 ሲሰጥ መዝጋት 83.5 ይሰጣል፤ አጥማጁ ረታ። ዕድሉ ከአራት አንድ ከሆነ ግን ክፍት መተው 80፥ መዝጋት 81.25 ይሆናል። ሚዛኑ ዞረ ማለት ነው።

ልጆቹን ያስገረማቸው ይህ ነበር። ለመዝጋት ሐይቁ በእርግጥ መጐዳቱን ማረጋገጥ አላስፈለገም፤ ከአራት አንድ ያህል መጠርጠር በቃ። ምክንያቱም በመዝጋት የሚመጣው ጕዳት ትንሽ ነው፤ በመተው የሚመጣው ግን ትልቅ ነው፤ ለመመለስም ያስቸግራል። ካናዳ የኒውፋውንድላንድን የኮድ ዓሣ ማጥመድ በ1992 እ.ኤ.አ. ስትዘጋ ጊዜው አልፎ ስለ ነበር፥ በአሥር ሺዎች የሚቈጠሩ ሰዎች ከሥራ ወጡ።

ሆኖም ሒሳቡ አንድ ነገር ይሰውራል። አማካዩ ትርፍ የሁሉ ሲሆን፥ የክረምቱ ረኃብ ግን የታንኳው ባለቤት ብቻ ነው። ስለዚህ በሠንጠረዡ ላይ ሦስተኛ ምርጫ መጨመር ይገባል፦ የወንዞቹን አፍ ዓሣው በሚወልድበት ወራት ብቻ ዘግቶ፥ በቀረው ሐይቅ ቆሮሶና አምባዛ እንዲጠመድ መፍቀድ፤ ከዚያም በየዓመቱ በአንድ ዓይነት መረብ እየለኩ ግምቱን ማረም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 315 በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ነገር ግን አዋጅ በወንዝ ዳር የሚጠበቀው አጥማጁ ራሱ በምክሩ ገብቶ ቍጥሩን ሲያምንበት ነው።

ያ ተማሪ ከትምህርቱ በኋላ፥ «እንግዲያው ዓሣውን ሳንቈጥርም መወሰን እንችላለን» አለኝ። አዎን፤ አለመቍጠራችንን ግን በሒሳቡ ውስጥ መጻፍ አለብን። አባቶቻችን «ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ያሉት ለዛፍ ብቻ አይደለም፤ ለጣናም ይሠራል።