2,147,483,647፦ አካፋይ ያጣው ቁጥር

አንድ መሥሪያ ቤት የደንበኞቹ ዝርዝር ተበላሽቶበት ጠራኝ። ሰንጠረዡ ሲከፈት የሁሉም ደንበኛ ስልክ አንድ ነው፦ 2147483647። «ቫይረስ ገብቶበታል» አሉኝ። ቫይረስ አልነበረም። ስልክ በ251 ተጀምሮ ሲጻፍ 12 አሃዝ ይሆናል፤ የተመደበለት፣ ኔጌቲቭ ቁጥርንም የሚይዝ ባለ32 ቢት ቦታ ደግሞ ከዚህ ቁጥር በላይ መያዝ አይችልም። ዳታቤዙ ያለፈውን ሁሉ ጣሪያው ላይ አቁሞት ነበር፤ እውነተኛዎቹ ስልኮች ጠፍተዋል። ስልክ አይደመርም፣ አይባዛም፤ እንደ ጽሑፍ ይመዝገብ እያልኩ ስንቴ ለመንኩ!

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ሰው ይህን ቁጥር የሚያውቀው በብልሽት ስም ብቻ መሆኑ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ 31 ሁለቶችን አባዝቶ 1 መቀነስ። ክብሩ ሌላ ቦታ ነው፦ ከ1 እና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው የለም፤ ብቸኛ ቁጥር ነው።

«31 ራሱ ብቸኛ ስለሆነ ነዋ» የሚሉኝ አሉ፤ አስተማሪዎችም ጭምር። ይህ ስህተት ነው። 11ም ብቸኛ ነው፤ 11 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ ግን 2,047 ይመጣል፤ እሱም 23 ሲባዛ በ89 ነው። ስለዚህ የ31ዱን ማረጋገጥ ግድ ነበር። ያረጋገጠው የሒሳብ ሊቁ ሊዮንሃርድ ኦይለር ነው፤ ውጤቱን በ1772 እ.ኤ.አ. ለሌላው የሒሳብ ሊቅ ለዳንኤል በርኑሊ በደብዳቤ ሲገልጽ ዓይኑ ማየት አቁሞ ነበር ማለት ይቻላል። አካፋይ ካለው ከ46,340 የማይበልጥ አንድ መገኘት አለበት። እስከዚያ ያለውን ሁሉ በየተራ መሞከር አድካሚ ነው። ኦይለር ግን አንድ ነገር አየ፦ የዚህ ቁጥር አካፋይ የሚሆን ብቸኛ ቁጥር ለ248 ሲካፈል ቀሪው የግድ 1 ወይም 63 ነው። በዚህ ወንፊት ሲነፋ የሚቀሩት ተሞካሪዎች ቢበዛ 372 ናቸው። አንዳቸውም አላካፈሉትም። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ከዚህ የሚበልጥ ብቸኛ ቁጥር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ወንፊቱ ለኔ ከቁጥሩም ይበልጣል፤ ድካምን በማስተዋል መቀነስ ማለት ይህ ነው።

ወደ ጣሪያው ልመለስ፦ ገንዘብን በሳንቲም ቆጥሮ በዚያው ዓይነት ባለ32 ቢት ቦታ የሚመዘግብ ፕሮግራም ጣሪያው 21,474,836 ብር ከ47 ሳንቲም ነው። ዛሬ የአንድ ሕንፃ ዋጋ እንኳ ይህን ያልፋል።

ሰዓትም ይህ ጣሪያ አለበት። ብዙ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚቆጥሩት ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ በሰከንድ ነው። ቆጠራው 2,147,483,647 የሚሞላው በእኛ አቆጣጠር ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም፣ ማክሰኞ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ነው። የጥምቀት ዕለት ነው፤ ሕዝቡ ጃን ሜዳ በባሕረ ጥምቀቱ ዙሪያ የሚሰበሰብበት ንጋት። ባለ32 ቢት ሆኖ የቀረ ሰዓት ይቆማል ብለው የሚያስቡ አሉ፤ አይቆምም። በቀጣዩ ሰከንድ ቁጥሩ ወደ ኔጌቲቭ ይገለበጥና ቀኑን ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም፣ የዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ያደርገዋል።

መድኃኒቱ ባለ64 ቢት ቆጣሪ ነው፤ ብዙዎቹ አዳዲስ ማሽኖች አላቸው። የድሮ ፕሮግራም የምትጠብቁ ባለሙያዎች ግን እባካችሁ የቀን መመዝገቢያውን ዛሬ ክፈቱና ስንት ቢት እንደሆነ እዩ።