ተማሪው በፈቃዱ የሚያነበው መጽሐፍ፤ የግል ንባብ ልማድና የትምህርት ቤቱ ድርሻ

መምህሩ ሰሌዳው ላይ ሲጽፍ በኋለኛው ረድፍ የተቀመጠ አንድ ተማሪ ደብተሩን ዘርግቶ ከደብተሩ ሥር ልብ ወለድ ሲያነብ መገኘቱ በየትኛውም ትምህርት ቤት የታወቀ ነገር ነው። ቀጥሎ የሚሆነውም እንዲሁ የታወቀ ነው፤ መጽሐፉ ይወሰዳል፣ ተማሪው ይገሠጻል፣ አንዳንድ ጊዜም ወላጅ እንዲያመጣ ይታዘዛል። ትምህርቱን ባለመከታተሉ መገሠጹ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በዚያው ክፍል ውስጥ ከመማሪያ መጽሐፉ ውጭ አንድም መጽሐፍ በፈቃዱ አንብቦ የማያውቅ ሌላ ተማሪ ጸጥ ብሎ ተቀምጦ ሰሌዳውን ይመለከታል፤ ስለ እርሱ ግን ማንም አይጨነቅም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የመጀመሪያው ተማሪ ከደብተሩ ሥር ይዞት የተገኘው ልማድ ምን እንደሚሠራ፣ ከየት እንደሚመጣና ትምህርት ቤቱ ሳያስበው እንዴት እንደሚያዳክመው ማስረዳት ነው።

በአገራችን ንባብ ረጅም ዕድሜ አለው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተማሪው ፊደል ይለያል፣ በንባብ ቤት ያልፋል፣ በመጨረሻም ዳዊት ይደግማል። ንባቡ በከፍተኛ ድምፅ ነው፤ የሚነበቡት መጻሕፍት አስቀድመው የተወሰኑ ናቸው፤ ያው መጽሐፍም እየተደጋገመ ይነበባል። በቁርኣን ትምህርት ቤትም አሠራሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ብቻን ሆኖ፣ በዝምታ፣ የራስን ምርጫ ማንበብ ግን ከማተሚያ ቤትና ከልብ ወለድ ጋር የመጣ የቅርብ ልማድ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ ሮም ላይ ያሳተሙት በ1900 ዓ.ም. ነበር። ስለዚህ አያት ዳዊት ሲደግሙና የልጅ ልጃቸው ልብ ወለድ ሲይዝ ሁለቱም «ያነባሉ» ይባል እንጂ ሥራቸው አንድ አይደለም። ቃሉ ራሱ ሌላም ትርጉም ጨምሯል። ዛሬ እናት ልጇን «ሂድና አንብብ» ስትል ለፈተና አጥና ማለቷ ነው፤ ልጁ ልብ ወለድ ይዞ ብታገኘው «አንብብ አልኩህ እኮ!» ብላ ትቆጣዋለች። ንባብ ጥናት ብቻ ተደርጎ በሚታይበት ቤትም ሆነ ክፍል ውስጥ ለደስታ የሚያነብ ልጅ ሥራ ፈት መስሎ ይታያል።

የብዛት ንባብ ጥቅም

በቋንቋ ትምህርት ጥልቅ ንባብና ሰፊ ንባብ ተለይተው ይታወቃሉ። ጥልቅ ንባብ አንድን አጭር ምንባብ ቃል በቃል እየመረመሩ ማንበብ ሲሆን፣ ሰፊ ንባብ ደግሞ ረጅም ጽሑፍ ሳያቋርጡ ለታሪኩ ብቻ ማንበብ ነው። ክፍል ውስጥ የሚሰጠው በአብዛኛው የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው ጊዜ ስለሚፈልግ በክፍለ ጊዜ ሊሸፈን አይችልም፤ የሚገኘውም በግል ንባብ ነው።

የዚህን ጥቅም ለመረዳት የአማርኛን ጠባይ መመልከት ይበቃል። የአማርኛ ፊደል ጥብቀትንና ልልነትን አያመለክትም። «ሰፊ» የሚለው ቃል «ልብስ ሰፊ» ሲሆን ላልቶ፣ «ሰፊ ቤት» ሲሆን ጠብቆ ይነበባል። «አለ» ተናገረ ለማለት ሲሆን ይላላል፤ መኖርን ሲያመለክት ይጠብቃል። «ዋና» ወንዝ ውስጥ የሚዋኙት ነው ወይስ ዋናው ነገር? ይህን የሚለየው ዓረፍተ ነገሩ እንጂ ፊደሉ አይደለም። የለመደ አንባቢ ሳያቆም ይለየዋል፤ ያለመደው ተሳስቶ ይጀምርና ተመልሶ ያርማል። ከዚህም በላይ በአማርኛ ማሰሪያው አንቀጽ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ባለቤቱ፣ ተሳቢውና ማጎላመሻው ሁሉ ግሱ እስኪደርስ በአእምሮ ተይዘው መቆየት አለባቸው። ቃል በቃል እየቆጠረ የሚያነብ ተማሪ ከግሱ ሲደርስ ማን ምን እንዳደረገ ተረስቶታል። በሳይንስና በኅብረተሰብ ትምህርት መጻሕፍት ያሉትን ረጃጅም ዓረፍተ ነገሮች «አልገባኝም» የሚለው ብዙ ጊዜ ሐሳቡ ከብዶት ሳይሆን መንገዱ ረዝሞበት ነው። ይህን ችግር የሰዋስው ማብራሪያ አይፈታውም። የሚፈታው በብዙ መቶ ገጾች የሚቆጠር፣ ተማሪው ድካሙን ሳያስብ የሚያልፈው ንባብ ነው፤ ያን ያህል ገጽ በግዴታ የሚያነብ ልጅ ደግሞ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ነገሩ ከታችኛው ክፍል ይጀምራል። በ2002 ዓ.ም. በስድስት ቋንቋዎች በተካሄደው የመጀመሪያ ደረጃ የንባብ ችሎታ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ መንገድ ከፍቷል። ነገር ግን የመማሪያ መጽሐፍ በቋንቋው መታተሙ ብቻውን አንባቢ አያፈራም፤ ልጁ ቤት ወስዶ የሚያገላብጠው የተረት መጽሐፍም በዚያው ቋንቋ ያስፈልገዋል።

የሚወደዱት መጻሕፍት

ተማሪዎች ከሚወዷቸው የአማርኛ መጻሕፍት ጥቂቶቹን ማየት ልማዱ ከየት እንደሚነሣ ያሳያል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ወፍራም መጽሐፍ ነው፤ በገጽ ብዛት ቢመዘን ተማሪ ሊሸሸው የሚገባ ነበር። ሆኖም ትውልድ እየተቀባበለ አንብቦታል። በዛብህ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ከገባ በኋላ የሚሆነውን ሳያውቅ መጽሐፉን የሚያስቀምጥ አንባቢ ጥቂት ነው። ጉዱ ካሣ በተናገረ ቁጥርም ተማሪው ከራሱ ጋር ይከራከራል። ሌላም ሊታሰብ የሚገባው ነገር አለ። ብዙ ሰው ይህን መጽሐፍ በመጀመሪያ ያወቀው በዓይኑ ሳይሆን በጆሮው ነው፤ ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ሰምቶ መጽሐፉን ፍለጋ የወጣ ቁጥሩ ቀላል አልነበረም። በድምፅ የሚቀርብ ትረካ የንባብ ባላጋራ ሳይሆን በሩ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ ሲሰበሰብ፣ የተረፈው ቅጂ ከእጅ ወደ እጅ እየተዘዋወረ ተነበበ። የሲሳይ ንጉሡ «ሰመመን» የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ሕይወትና ፍቅር በማቅረቡ፣ የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ስለላን፣ ሳይንስንና የገዳም ምስጢርን በማገናኘቱ ወጣቱን ስበዋል። እነዚህ መጻሕፍት በሥነ ጽሑፍ ሚዛን እኩል አይደሉም፤ እኩል ናቸው ማለትም አያስፈልግም። የጋራ የሆነው ነገር ተማሪው ሁሉንም ያገኘው ከጓደኛው፣ ከታላቅ ወንድሙ ወይም ከመጽሐፍ አከራይ መሆኑ ነው።

ስለ መጽሐፍ አከራዮች ጥቂት ማለት ይገባል። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በትንሽ ሱቅ ወይም በመንገድ ዳር መጻሕፍት ደርድረው በጥቂት ሳንቲም ያከራዩ የነበሩ ሰዎች ለንባብ ያደረጉት አስተዋፅኦ እምብዛም አልተጻፈለትም። ኪራዩ በቀን ስለሚታሰብ አንባቢው መጽሐፉን በአንድ ወይም በሁለት ሌሊት ጨርሶ ይመልሳል። አከራዩ የቤተ መጻሕፍት ሙያ ያልተማረ ቢሆንም የደንበኞቹን ፍላጎት ያውቃል፤ «ያንን ከወደድከው ይኸን ደግሞ ሞክረው» ይላል። መጽሐፉን ያልወደደ ልጅ ሳይጨርስ ቢመልሰው ለምን ብሎ የሚጠይቀው የለም።

ትምህርት ቤቱ የሚያደርገውና ሊያደርግ የሚችለው

በትምህርት ቤት ግን ሥራው ተቃራኒውን መንገድ ይዞ ይገኛል። በብዙ ክፍሎች ተማሪው ልብ ወለድ አንብብ ሲባል አብሮ የዘገባ ቅጽ ይሰጠዋል፤ የታሪኩ ማጠቃለያ፣ ዋና ገጸ ባሕርያት፣ የደራሲው ዓላማ፣ ከመጽሐፉ የሚገኘው ትምህርት። ውጤቱን የአማርኛ መምህራን ያውቁታል። አንዱ ያነባል፣ አሥሩ ይገለብጣሉ፤ ያነበበውም ቢሆን ሁለተኛ መጽሐፍ ሲሰጠው የሚያስበው ቅጹን ነው። ይህ ማለት ሥነ ጽሑፍ በክፍል ውስጥ አይተንተን ማለት አይደለም። ለትንተና የተመረጠው መጽሐፍ ይተንተን፤ ተማሪው ራሱ የመረጠው ግን ከማርክ ነጻ ይሁን። መምህሩ ስለ እርሱ የሚጠይቀው ጥያቄ ቢኖር ጓደኛ ለጓደኛ የሚጠይቀው ዓይነት ቢሆን ይበቃል፦ የት ደረስክ? ማንን ጠላህ? ለማን ታውሰዋለህ?

ሌላው ቀላል ሥራ ለተማሪዎች ማንበብ ነው። ከአማርኛ ክፍለ ጊዜ አሥር ደቂቃ ተወስዶ መምህሩ የአንድን ልብ ወለድ መነሻ አሳምሮ ቢያነብና ታሪኩ ሲጦዝ መጽሐፉን ቢዘጋ፣ ከክፍሉ ቢያንስ ሁለት ሦስት ተማሪዎች መጽሐፉን ይጠይቁታል። ችግሩ ይህን ለማድረግ መምህሩ ራሱ አንባቢ መሆን አለበት። ያ ጸጥ ብሎ ሰሌዳውን ሲመለከት የነበረው ተማሪ 12ኛ ክፍልን ጨርሶ ወደ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ሊገባ፣ ከዚያም ጠመኔ ይዞ በሌሎች ልጆች ፊት ሊቆም ይችላል። ለተማሪው «እኔ በአንተ ዕድሜ ይህን መጽሐፍ ወድጄው ነበር» የሚለው ነገር የለውም። ስለዚህ በኮሌጆች ውስጥ ዕጩ መምህራን ከኮርሱ ውጭ የሚያነቡበት ሰዓትና መጽሐፍ ሊመደብላቸው ይገባል።

ወላጆችና አንዳንድ መምህራን በልብ ወለዶች ውስጥ ለወጣት የማይስማማ ነገር አለ ብለው ይሠጋሉ። ሥጋቱ መሠረት አለው፤ ለ11ኛ ክፍል የሚሆን ሁሉ ለ6ኛ ክፍል አይሆንም። ነገር ግን መጽሐፉን ያላነበበ ሰው የትኛው ለማን እንደሚሆን ሊለይ አይችልም፤ በጅምላ መከልከል ደግሞ መጽሐፉን ወደ ደብተር ሥር ይመልሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

ለዕቅድ ባለሙያዎች የሚቀረው የቤተ መጻሕፍቱ ጉዳይ ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶች መደርደሪያውን የሞላው አጋዥና ማጣቀሻ መጽሐፍ፣ ከውጭ በእርዳታ የመጣም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። ትምህርቱ ቢዘገይ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ እነዚህ አያስፈልጉም አይባልም፤ ነገር ግን ከተማሪው ደረጃ በላይ የሆነው አብዛኛው ሳይገለጥ ያረጃል። ተማሪው የሚፈልገው ልብ ወለድ ቢገኝ አንድ ቅጂ ነው፤ እርሱም ቢሆን ተቆልፎበታል። መቆለፉ በቤተ መጻሕፍት ሠራተኛው ስንፍና የመጣ አይደለም። መጽሐፉ በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ በስሙ የተመዘገበ ንብረት ነው፤ ቢጠፋ የሚጠየቀው እርሱ ነው፤ ሳይነበብ ሃያ ዓመት ቢቀመጥ ግን የሚጠይቀው የለም። በዚህ ሁኔታ ሠራተኛው ቁልፉን መያዙ ምክንያታዊ ነው። በዓመታዊው ዕቅድ በውሰት ላይ ለሚጠፉና ለሚያረጁ ልብ ወለዶች የተወሰነ ቁጥር አስቀድሞ ከመዝገብ እንዲሰረዝ ቢፈቀድለት ሣጥኑን ሊከፍት ይችላል። በዓመቱ መጨረሻም ከውሰት መዝገቡና ከተገነጠሉት ሽፋኖች የትኛው መጽሐፍ በአንድ ፈንታ አሥር ቅጂ መገዛት እንዳለበት ይታወቃል።