ማማው በማያይበት ጊዜ፦ በማኮብኮቢያ ላይ የሚደረግ ክትትል



ተወልጄ ያደግሁት ዋጃ ነው። ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ሲያድግ ጠባቂ ማማ ላይ ይወጣል። ሲመሽ ግን ማማውም አይጠቅምም፤ በሬው የት እንዳለ የሚናገረው በአንገቱ ያለው ቃጭል ነው። የዛሬው ርእሴ ከዚህ ብዙ አይርቅም፦ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው ማማው ላይ ሆኖ ዓይኑ ሲከዳው፣ በማኮብኮቢያና በታክሲዌይ ላይ ማን የት እንዳለ በምን ያውቃል?

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 8 ቀን 2001 በሚላኖው የሊናቴ አውሮፕላን ማረፊያ ጉም ወድቆ ነበር። አንዲት ትንሽ ጄት መንገድ ስታ ማኮብኮቢያው ላይ ገባች፤ ለመነሣት ይንደረደር የነበረ የመንገደኞች አውሮፕላን ገጫት። 118 ሰዎች ሞቱ። የቀድሞው የምድር ራዳር ከአገልግሎት ወጥቶ፣ አዲሱ ገና ሥራ አልጀመረም ነበር።

የምድር ራዳር አንቴናው በሴኮንድ አንድ ጊዜ ያህል እየዞረ በማረፊያው ያለውን ሁሉ በነጸብራቁ ያሳያል። የነጥቡን ማንነት ግን አያውቅም፤ ከባድ ዝናብም ያደናግረዋል። ቃጭሉ ትራንስፖንደር ነው። አውሮፕላኑ በ1090 ሜጋኸርዝ የሚልከው ምልክት በልዩ ልዩ ቦታ ለተተከሉ ተቀባዮች በተለያየ ቅጽበት ይደርሳል፤ ቦታው የሚሰላው ከዚህ የጊዜ ልዩነት ነው። የሬዲዮ ሞገድ በአንድ ቢሊዮንኛ ሴኮንድ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ የተቀባዮቹ ሰዓት እጅግ በጥብቅ መናበብ አለበት። (ተማሪዎቼ በፈተና ላይ ዘወትር የሚረሱት ይህችን ነው።) የነዳጅ ቦቴና የእሳት አደጋ መኪናም ቃጭል ካልታሠረላቸው ለራዳሩ ስም የለሽ ነጥቦች ናቸው።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም ላይበቃ ይችላል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2 ቀን 2024 በቶኪዮ ሃኔዳ፣ በማረፍ ላይ የነበረ የጃፓን አየር መንገድ አውሮፕላን ማኮብኮቢያው ላይ ከቆመ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ አውሮፕላን ጋር ተጋጨ። በትልቁ የነበሩት 379 ሰዎች ሁሉ ሲተርፉ፣ ከትንሹ አምስቱ ሞቱ። የክትትል ሥርዓቱ ማኮብኮቢያው መያዙን በስክሪኑ ላይ በቀለም አሳይቶ ነበር፤ ተቆጣጣሪው ግን አላስተዋለውም። ድምፅ የሌለው ማስጠንቀቂያ ለእኔ ግማሽ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ያለ ምክንያት የሚጮኸው ደግሞ ይለመድና ይናቃል።

ነገሩ የሩቅ አገር አይምሰለን። ቦሌ ሁለት ትይዩ ማኮብኮቢያዎች አሉት፤ በሩቁ ላይ ያረፈ አውሮፕላን ወደ ተርሚናሉ የሚደርሰው ቅርቡን አቋርጦ ነው። በቢሾፍቱ አቅራቢያ ለታቀደው አዲስ ማረፊያ ደግሞ የታሰቡት አራት ናቸው። እዚያ የተቀባዮቹ ቦታና የማስጠንቀቂያው ዓይነት ከአስፋልቱ ጋር አብሮ መነደፍ አለበት፤ ተርሚናሉ ከቆመ በኋላ ምልክት የሚጋርድ ግድግዳ ማፍረስ አይቻልምና።