ለሞዴል ፉርጎና ለሽቦ መኪና በቤት የሚሠራ ጭነት

በጎጃም ምድር የባቡር ሐዲድ የለም። የዱርቤቴ ልጅ የሚያውቀው ጫኝ የበቆሎ ኩንታል ደርድሮ ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈውን አይሱዙ ነው፤ ከሽቦና ከቆርኪ የሚሠራውም እሱኑ ነው። የጭነቱ አሠራር ግን ለሞዴል ባቡርም ለሽቦ መኪናም አንድ ነው፤ ወጪውም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ከሁሉ በፊት ልኩን አስሉ። 6 ሜትር የሚሆነው አይሱዙ በ30 ሳንቲ ሜትር ከተሠራ ሃያ ጊዜ አንሷል። ስለዚህ 1 ሜትር ቁመት ያለው ኩንታል 5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በዓለም ላይ በብዛት የተለመደው የሞዴል ባቡር ልክ ደግሞ 1 ለ87 ነው፤ በዚህ ልክ ያው ኩንታል 11 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የጤፍ ፍሬ እንኳ እዚያ ላይ ቡጢ የሚያህል ድንጋይ ትመስላለች። እህል ማባከንም ደግ አይደለምና በወንፊት የተነፋ አሸዋ ይበቃል።

ኩንታሉን ከሸክላ ጭቃ ድቡልቡል አድርጋችሁ ጫፍና ጫፉን ቆንጥጡ፤ የጆንያው ሽመና እንዲታይም በቁራጭ አቡጀዲ ጫን አድርጉት። ዋናው ነገር ሳይደርቅ መደርደሩ ነው። የታችኛው በላይኛው ክብደት ሲጠፈጠፍ፣ ጎኑም ሲያብጥ እውነተኛ ክምር ይመስላል። ደርቆ የተደረደረ ግን ከጡብ አይለይም።

ለድንጋይ ከሰል የጆንያ ግርጌ ላይ የሚቀረው የከሰል ድቃቂ አለላችሁ። ፉርጎውን በሙሉ አትሙሉት፤ ይከብዳል። ከአፉ ዝቅ ብሎ የሚቀመጥ ካርቶን ቁረጡና መሐሉን በፎም ከፍ አድርጋችሁ ድቃቂውን ነስንሱበት። ከዚያ ኮላ በውሃ አቅጥናችሁ፣ ሁለት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምራችሁ አንጠባጥቡበት። ሳሙናው ከሌለ ውሃው ላዩ ላይ ይንኳለላል እንጂ ወደ ውስጥ አይሰርግም። አንድ ሌሊት ይደር።

በ2016 እ.ኤ.አ. በተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር የሚመላለሰው ኮንቴይነር ግን ከሁሉም ይቀላል። ባለ 20 ጫማው በ1 ለ87 ሲሰላ ርዝመቱ 7፣ ወርዱ 2.8፣ ከፍታው 3 ሳንቲ ሜትር ነው። ሞገዱ ደቃቅ የሆነ ካርቶን ፈልጉ፤ የላይኛውን ወረቀት በውሃ አርሳችሁ ስትገፉት የኮንቴይነሩ ግድግዳ ከነሽንሽኑ ይወጣል። ግንድ መጫን ለሚፈልግም የባሕር ዛፍ ጭራሮ በየደጁ አለ።

ማንኛውንም ጭነት በካርቶኑ ላይ እንጂ በፉርጎው ወለል ላይ አታጣብቁ፤ ልጆች ማራገፍም መጫንም ይፈልጋሉና።