ሳያስታውቅ የሚገባው ሰው

ማለዳ ላይ ሆለታ፣ ሰበታ፣ ቢሾፍቱ ወይም ባቱ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ሠራተኛ የጫኑ አውቶቡሶች ወደ አበባ እርሻዎቹ ሲያመሩ ያያል። አብዛኞቹ ተሳፋሪዎች ወጣት ሴቶች ናቸው። ግሪን ሃውስ ውስጥ ጽጌረዳ ሲቆርጡ፣ ማሸጊያ ቤት ውስጥ ሲለዩና ሲያስሩ ይውላሉ። ሙቀቱ ይከብዳል፣ እሾሁ ይወጋል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ትናንት ተረጭቶ ቅጠሉ ላይ የደረቀው ኬሚካል ነው፤ በዓይን አይታይማ።

ይህን የማይታይ ነገር ፈልጎ እንዲያገኝ መንግሥት የሚልከው ባለሙያ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ይባላል። ተቆጣጣሪ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ፋብሪካን ነው። ዓለምም ያሰበው እንዲሁ ነበር፦ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የኢንዱስትሪና የንግድ ሥራ ቦታዎችን ቁጥጥር የሚመለከተውን ስምምነት ያጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1947 ሲሆን፣ የእርሻው ተራ የደረሰው በ1969 ነው። የእርሻ ቀጣሪና ተቀጣሪ 22 ዓመት ጠበቁ።

በእኛ አገር ሥልጣኑን የሚሰጠው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ተቆጣጣሪው በሥራ ሰዓት ቀድሞ ሳያስታውቅ ወደ ሥራ ቦታ መግባት፣ ሠራተኛ ማነጋገር፣ መዝገብ ማገላበጥ፣ ናሙና ወስዶ ማስመርመር ይችላል። አሠሪው ደግሞ የመከላከያ ዕቃ የማቅረብ፣ ሠራተኛውን የማሠልጠን፣ በሥራ ላይ የደረሰ አደጋንና በሽታን መዝግቦ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ነፍሰ ጡርን አደገኛ ሥራ ላይ ማሰማራት ክልክል ነው።

ሥራውን የሚያውቅ ተቆጣጣሪ ቢሮ ውስጥ ብዙ አይቆይም። ቀጥ ብሎ ወደ ግሪን ሃውሱ በር ይሄዳል። በሩ ላይ ምን እንደተረጨ፣ በስንት ሰዓት እንደተረጨና መቼ መግባት እንደሚቻል የሚናገር ሰሌዳ ሊኖር ይገባል። ከርጭት በኋላ ሰው የማይገባበት ጊዜ እንደ ኬሚካሉ ዓይነት ከጥቂት ሰዓታት እስከ 48 ሰዓትና ከዚያም በላይ ነው። ታዲያ ሰሌዳውን ብቻ አያምንም። የርጭቱን መዝገብና የቆረጣውን መዝገብ አስመጥቶ ጎን ለጎን ይዘረጋቸዋል። አንደኛው ማክሰኞ ከቀኑ 10 ሰዓት ተረጨ፣ መጠበቂያው 24 ሰዓት ነው ቢል፣ ሁለተኛው ደግሞ ረቡዕ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከዚያው ቤት አበባ ወጣ ቢል፣ ቆራጮቹ የገቡት ከርጭቱ በኋላ 15 ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነው ማለት ነው። ማንም አፉን ሳይከፍት ሁለት ደብተሮች መስክረው ጨረሱ።

ከዚያ መጋዘኑ አለ። ፀረ ተባይ መያዣው ላይ ያለው የቀለም መስመር የመርዙን ኃይል ይናገራል፤ ቀይ ከሁሉ የከፋው ነው፣ ቢጫ ይከተላል፣ ከዚያ ሰማያዊና አረንጓዴ። ከመጋዘኑ ቀጥሎ ሻወሩና የልብስ ማጠቢያው ይታያል። «ቱታህን የት ታጥባለህ?» ብሎ ረጪውን መጠየቅ ቀላል ይመስላል፤ መልሱ «ቤት» ከሆነ ግን መርዙ ከእሱ ጋር አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ ከሚስቱ ሳፋ ገብቶ፣ ሮጦ የሚያቅፈው ልጁ ጋ ደርሷል።

ጓንትና ማስክ ከታደለ ሠራተኛው ተጠበቀ የሚል አስተሳሰብ በጣም ያሳስበኛል። መርዙ በብዛት ወደ ሰውነት የሚገባው በቆዳ በኩል ነው፤ በዚያ ሙቀት ውስጥ ደግሞ ፊቱን በማስክ አፍኖ የሚውል ሰው የለም፣ ያወልቀዋል። ማስኩ የመጨረሻው መከላከያ ነው። ከእሱ በፊት መርዙን በደከመ መተካት፣ ሠራተኛው ሳይኖር መርጨት፣ ጊዜውን ጠብቆ ማስገባት ይቀድማል።

ስለ ረጪዎች የደም ምርመራም ልንገራችሁ። ኦርጋኖፎስፌት የሚባሉት ኬሚካሎች ነርቭን የሚያገለግለውን ኮሊንኤስተሬዝ የተሰኘ ኢንዛይም ያሽመደምዳሉ። ምራቅና እንባ ይበዛል፣ ብሌን ይጠባል፣ ጡንቻ ይንቀጠቀጣል። የኢንዛይሙ መጠን ከሰው ሰው ስለሚለያይ፣ ረጪው ሥራ ሳይጀምር የተለካ መነሻ ቁጥር ከሌለው በኋላ የሚደረገው ምርመራ ብዙም አይነግረንም። በካሊፎርኒያ ሕግ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ያለው መጠን ከመነሻው ወደ 70 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ከወረደ ሠራተኛው ከርጭት ይነሣል። መነሻ ቁጥር የሌለው እርሻ ግን ሰውየው እስኪወድቅ የሚጠብቅ እርሻ ነው።

አዋጁ የማይደርስለት ሰውም አለ። በዝዋይ ሐይቅ ዙሪያ ሽንኩርትና ቲማቲም በራሱ ማሳ ላይ የሚረጭ ገበሬ አሠሪ የለውም፤ ስለዚህ ተቆጣጣሪም የለውም። ባዶውን የኬሚካል ዕቃ ሦስት ጊዜ አለቅልቆና ቀዶ ከማስወገድ ይልቅ ውኃ የሚቀዳበት ቤት አለ። የ1969ኙ ስምምነት አገሮች ከፈለጉ ቁጥጥሩን ለጭሰኞችና ለገበሬው ቤተሰብ ጭምር እንዲያሰፉ በር ከፍቷል። እስከዚያው ይህን ገበሬ ማስተማር የግብርና ልማት ሠራተኛው ሥራ ነው፤ ዘሩንና ማዳበሪያውን በሚያስረዳበት ትጋት ስለ ዕቃው አወጋገድም ይንገርልን።

እርሻ ላይ የምትሠሩ፣ ወይም እህታችሁን ለአበባ ቆረጣ የላካችሁ፣ ሰሌዳ የሌለው በር ካያችሁ በአካባቢያችሁ ላለው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት አመልክቱ። ተቆጣጣሪው ያመለከተው ማን እንደሆነ፣ የመጣውም በጥቆማ መሆኑን ለአሠሪው እንዳይናገር በሕግ ተከልክሏል።